አሥራ ሦስቱ የራግቲና ውሾች

ከራግቲና ጋር የሰዉን ቤት ሁሉ በሙቅ ውኃ በሚያሞቀው በመንደራችን ማሞቂያ ቤት ለአሥራ ሰባት ክረምት ከሰል በአካፋ ዝቀናል። በዚህ ሁሉ ጊዜ አረፍ ብላ ሻይ ስትጠጣ አላየኋትም። እኔ ሳጥን ገልብጬ ስቀመጥ እሷ ኩባያዋን ይዛ ከበሩ እስከ ምድጃው ትመላለሳለች።

"እግርሽ ውስጥ ጉንዳን ገብቷል እንዴ? አረፍ በይ እንጂ!" እላታለሁ።

"አንተ ለሁለታችንም ተቀምጠህልን የለ?" ትለኛለች።

ባሏ ኬውልኩት ዋልረስ የሚባለውን ባለረጅም ጥርስ የባሕር አውሬ አዳኝ ነው፣ ዝምተኛ። ልጆቻቸው አድገው ወደ ከተማ ከሄዱ ወዲህ ራግቲና ጭራሽ ባሰባት። አንዳንድ ቀን ከሥራ ከወጣች በኋላ የባሕሩን ዳር ይዛ እስኪደክማት ትሄዳለች። ምን ፈልጋ እንደምትሄድ ግን እሷም የምታውቅ አይመስለኝም።

ልጆቹ በሄዱበት ዓመት፣ በሚያዝያ፣ ሽማግሌው ኤቱጊ ሞቱ። በእኛ የቹኮትካ ጠረፍ፣ በሩሲያ ሰሜን ምሥራቅ ጫፍ፣ ሁሉም የበረዶ ሞተር ሲገዛ በውሻ መጓዝ ያልተዉት እሳቸው ብቻ ነበሩ። የከተማ ሰዎች ሐስኪ ብለው በፎቶ የሚያደንቋቸው እነዚያ ጆሯቸው ቀጥ ያለ ውሾች እኛ ዘንድ ውሻ ብቻ ናቸው፤ የሚጎትቱ፣ የሚበሉ፣ የሚጮሁ። የሽማግሌው ዘጠኝ ውሾች ባሕሩ ውስጥ በገባው ጠባብ የአሸዋ ምላስ ላይ በሰንሰለት ታስረው ቀሩ። ልጃቸው ለቀብር መጥታ "እንደፈለጋችሁ አድርጓቸው" አለችና በመጣችበት ሄሊኮፕተር ተመለሰች። የመንደሩ ሹም ጌናዲ ኢግናቲች ደግሞ ባለቤት የሌለው ውሻ እስከ ቅዳሜ ይገደላል አለ።

ወሬውን ማሞቂያ ቤት ያመጣሁት እኔ ነኝ። ራግቲና አካፋዋን ግድግዳው ላይ አስደግፋ ወጣች። የሷንም ድርሻ እኔው አቃጠልኩ።

ቅዳሜ ጠዋት ጌናዲ ጠመንጃውን ይዞ ሲመጣ ራግቲና አቆስጣ የሚባለውን የባሕር እንስሳ ሥጋ በባልዲ ሞልታ ውሾቹ መሀል ቆማ አገኛት። ሰውም ተሰብስቧል።

"ራግቲና፣ ከዚያ ዞር በይ።"

"የማን ናቸው ብለህ ነው የምትተኩሰው?"

"የማንም አይደሉም።"

"እንግዲያው የኔ ናቸው።"

"ዘጠኙም?"

"ስምንቱን ወስጄ አንዱን ላንተ ልተውልህ? ሚስትህ ታበላዋለች?"

ሰዉ ሳቀ። የጌናዲ ሚስት ለባሏ እንኳ በወጉ እንደማታበላ የማያውቅ አልነበረም። ጌናዲ ፊቱ ቀላ። "እሺ። ግን አንዱ ሰንሰለት በጥሶ መንደር ውስጥ ከተገኘ አንቺን አልጠይቅም፤ እተኩሳለሁ" ብሎ ሄደ።

ኬውልኩት ያን ቀን ምሳውን በልቶ ጨረሰ። ከዚያ፣ "ዋልረሱን የምገድለው እኔ፣ የሚበሉት እነሱ" አለ። በማግስቱ የዋልረስ ጎድን በትከሻው ተሸክሞ፣ ማንም ሳይልከው፣ ውሾቹ ዘንድ ወረደ።

እንግዲህ ራግቲና ውሻ መንዳት አታውቅም። መጀመሪያ የጠመደቻቸው ቀን ቀጥ ብለው ወደ ቆሻሻ መጣያው ወሰዷትና በበረዶ ላይ የሚጎትቱትን ሸርተቴ ገልብጠው እዚያው ትተዋት መጡ። ፀጉሯ ውስጥ የዓሣ አጥንት ተሰክቶ ማሞቂያ ቤት ስትገባ ሳቄን መያዝ አቃተኝ። እሷ ግን ዓይኗ ያበራ ነበር። "ያቺ ጥቁሯ፣ መሪዋ፣ ልትገለብጠኝ ስትል ዞር ብላ አየችኝ እኮ!" አለችኝ። ያቺን ጥቁር ውሻ ጥቀርሻ አለቻት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከጥቀርሻ ተማረች ማለት ይቻላል፤ መቼ ዝም ማለት፣ መቼ መጮህ፣ በረዶው ከሥር ሲሳሳም ውሻዋን ማመን እንዳለባት።

ከጎረቤት መንደር አንድ ሰው ሞተር ሲገዛ ሦስት ውሾቹን አምጥቶ ጣለባት። አንዱን ደግሞ ራሷ፣ ማዕድን ፈላጊዎች ጥለውት በሄዱት ሰፈር፣ በርሜል ላይ ታስሮ አጥንቱ ቀርቶ አገኘችው። አሥራ ሦስት ሆኑ። በክረምት ሸርተቴ ላይ ሆና ወደ ሐይቆቹ ትወርዳለች፣ ዓሣ ጭና ትመለሳለች። ችግሩ በጋ ነው። በረዶ ሲጠፋ ውሾቹ ሥራ ይፈታሉ። ሰንሰለታቸው እስከሚደርስበት ክብ እየዞሩ መሬቱን ይቆፍራሉ፣ አንዱ ሲያላዝን ሁሉም ይከተላል። እሷም እንደነሱ ናት። ሦስት ሦስቱን በገመድ ወገቧ ላይ አስራ ኮረብታውን ትወጣለች፣ ትወርዳለች፤ መልሳ ሌሎቹን ትወስዳለች። "በጋን ማን ፈጠረው?" ትላለች።

በሦስተኛው ዓመት መስከረም ላይ ከሰሜን ማዕበል ተነሣ። ነፋሱ ሁለት ቀን ሙሉ ሳያርፍ ነፈሰ። በሁለተኛው ቀን፣ እኩለ ቀን ገደማ፣ ኬውልኩት በሩን በርግዶ ማሞቂያ ቤት ገባና "ውኃው የአሸዋውን ምላስ ሊቆርጠው ነው!" አለ።

ሦስታችንም ሮጥን። ስንደርስ ባሕሩ በሁለቱም በኩል እየተሻገረ ነበር። ውሾቹ ጎጇቸው ጣራ ላይ ወጥተው፣ ሰንሰለታቸው ተወጥሮ ያለቅሳሉ። ራግቲና ጉልበቷ ድረስ ውኃ ውስጥ ገባች። መቆለፊያዎቹ ዝገው አልከፈት ሲሏት የባሏን ቢላዋ ነጥቃ የአንገታቸውን ጠፍር መቁረጥ ጀመረች። እኔና ኬውልኩት እንይዛለን፣ እሷ ትቆርጣለች። አንዱ በድንጋጤ እጄን ነከሰኝ፤ ጠባሳው ዛሬም አለ። የለቀቅነው ሁሉ እየዋኘ፣ እየዘለለ ወደ የብስ ይሄዳል። ጫፍ ላይ የነበረው፣ ያ ከበርሜል የተፈታው ውሻ፣ ወደሱ ስንጠጋ ማዕበል ከነጎጆው አነሳው። ራግቲና ልትከተለው ስትል ኬውልኩት ወገቧን ጨብጦ አስቀራት። ደረቱን በቡጢ እየመታችው ነበር የወጡት።

ገና ከውኃው እንደወጣን ጥይት ጮኸ። ጌናዲ መንደሩ መግቢያ ላይ ቆሞ ወደ ሰማይ ይተኩሳል። አሥራ ሁለቱ ውሾች ከመንደሩ አጥፈው ዛፍ ወደሌለበት በረዷማ ሜዳ፣ ወደ ተንድራው፣ ነጎዱ።

"አባረርክብኝ!" ብላ ጮኸችበት።

"መንደር ገብተው ሕፃን ቢነክሱ ምን ላደርግ ነበር? ወደ ላይ ነው የተኮስኩት፣ አላየሽም? ወደ ላይ!"

ማዕበሉ በበረደ ማግስት ራግቲና የደረቀ ሥጋና ገመድ ይዛ በእግሯ ወጣች። ኬውልኩት አብሬሽ ልሂድ ሲላት፣ "አንተ ቆይ፣ በዚህ ከመጡ ማን ይቀበላቸዋል?" አለችው። ተንድራው ላይ አጋዘን እንደ ከብት የሚያግዱ ጠባቂዎች መንጋቸው ውስጥ የገባ ውሻ እንደማይምሩ ሁላችንም እናውቃለን። ኬውልኩት በቀን አሥር ጊዜ እየመጣ የማሞቂያ ቤቱን መስኮት ይጠርግና ኮረብታውን ያያል።

በአምስተኛው ቀን የኦምሪን ሰፈር ደረሰች። ይህን የነገረኝ ራሱ አጋዘን ጠባቂው ኦምሪን ነው። አምስት ውሾች ከድንኳኑ ጀርባ ታስረው ስታይ ሮጣ ወደቀችባቸው አለኝ። ከዚያ ቀና ብላ፣

"ሌሎቹስ?" አለች።

"ሁለት ግልገል ገደሉብኝ። እኔም ሁለት ውሻ ገደልኩ። ተካካስን።"

"የትኞቹን?"

ቆዳቸውን አሳያት። ዝቅ ብላ ዳሰሰቻቸው፣ በስማቸው ጠራቻቸው፣ ከዚያ ድንኳኑን መዞር ጀመረች።

"አንቺ ሴትዮ፣ ቤቴን እኮ አዞርሽብኝ። ግቢ፣ ሥጋ ተቀቅሏል።"

"ጥቁሯ ከሞቱት ውስጥ የለችም። በየት ሄደች?"

"አላየኋትም። ሰደቢኝ ከፈለግሽ፣ ግን ብይ።"

"ምን ብዬ ልስደብህ? አጋዘንህ ናቸው" አለችው። ኦምሪን ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር አለኝ። ሥጋውን ተቀብላ እየሄደች በላች።

ከዚያ ወንዙን ይዛ ስትወርድ አራቱን ሳልሞን ዓሣ ሲቀራመቱ አገኘቻቸው፤ ሆዳቸው ተነፍቶ፣ እሷን ሲያዩ እንዳጠፋ ልጅ ጆሯቸውን ጣሉ። በአሥራ አንደኛው ቀን ዘጠኝ ውሾች በወገቧ ታስረው፣ እየጎተቷት፣ ኮረብታውን ስትወርድ አየናት። ኬውልኩት ሳይሮጥ ወጣ፤ መንገድ ላይ ግን መሮጥ ጀመረ። ሲደርስ መጀመሪያ ውሾቹን ቆጠረ፣ ቀጥሎ እሷን አቀፈ። ጥቀርሻ አልነበረችም።

ራግቲና ወደዚያ የአሸዋ ምላስ አልመለሳቸውም። በዚያው ሳምንት ከማሞቂያ ቤት ሥራዋን ለቀቀች። ከመንደሩ ወዲያ፣ ሐይቁ አጠገብ ከፍታ ላይ ያለውን አሮጌ የአዳኞች ጎጆ አድሰው ከባሏ ጋር ገቡበት። ኬውልኩት "በእርጅናዬ የውሻ ጎረቤት አደረገችኝ" እያለ ያማርራል፤ ግን የውሾቹን ማደሪያ ከራሱ ቤት በፊት ጣራ ያለበሰው እሱ ነው። መሪነቱን አንድ ልጅ እግር ግራጫ ውሻ ያዘ። መታጠፊያ ላይ ይሳሳታል፣ እሷም ትሰድበዋለች፣ ከዚያ ወርዳ ጆሮውን ታሻለታለች።

በየመኸሩ፣ የመጀመሪያው በረዶ እንደጸና፣ ሸርተቴዋን ጭና ጥቀርሻን ፍለጋ ወንዙን ይዛ ወደ ላይ ትወጣለች። ዘንድሮም የኦምሪን ሰዎች በሬዲዮ፣ ወደ ተራራው ሥር አንዲት ጥቁር ውሻ ከሁለት ግራጫ ቡችሎች ጋር አየን አሉ። ሦስት ዓመት ሆኖታል እኮ፣ ተኩላ ይሆናል አልኳት።

"ተኩላም ከሆነ አይቼ ልምጣ" አለችና ውሾቹን ጠመደች።

ከሄደች ዛሬ ስድስተኛ ቀኗ ነው። ትናንት ኬውልኩት ዘንድ ወጥቼ ነበር። የውሻ ማሰሪያ የሚሆን ሦስት አዲስ ካስማ እየጠረበ አገኘሁት። "ለምንህ ነው?" ብዬ ብጠይቀው፣ ሦስቱንም መሬት ውስጥ በመዶሻ መታቸው።