ሁለት ብልቃጥ ደም

ሆስፒታሉ ውስጥ «እጀ ቀላል» ይሏት ነበር። ከአልቃሻ ሕፃን፣ ከከሳ ሽማግሌ፣ ደም ሥሩ ከሸሸ በሽተኛ ሁሉ አንዴ ብቻ ወግታ ደም ትቀዳለች። «ልትወጊኝ ነው እንዴ?» ብሎ ፊቱን ያዞረ ሰው መለስ ሲል ብልቃጡ ሞልቶ ያገኘዋል። ሃያ ሁለት ዓመት በላቦራቶሪ ስትሠራ የአንዱ ደም ከሌላው ተምታቶባት አያውቅም። ገና ከበሽተኛው አልጋ ሳትነቃነቅ ስሙን ከነአባቱ ጠይቃ ብልቃጡ ላይ ትጽፋለች። የድሮ አለቃዋ «ስም የሌለው ደም የማንም አይደለም፤ ድፉት» የሚሉ ሰው ነበሩ።

ባሏ ጉበቱን ታሞ ሦስተኛ ፎቅ በተኛበት ዓመት የእሱንም ደም የምትቀዳው እሷ ነበረች። ሌላ ሰው ሲጠጋው እጁን ብርድ ልብስ ውስጥ ይደብቅ ነበር። በመጨረሻው ሳምንት ደም ሥሩን ፈልጋ አጣችው፤ ክንዱን እንደያዘች ተቀመጠች። ከቀብር በኋላ ወደ ሥራዋ ተመለሰች። ሦስተኛው ፎቅ ደረጃ ላይ ስትደርስ ግን እግሯ አልታዘዝ ይላት ጀመር። ዓመት ሳይሞላ መልቀቂያ ጻፈች።

የቆዳ ክሊኒክ መቀጠሯን የሰማች እህቷ «እዚያ ደግሞ ምን ልትሠሪ? ለቆንጆ ደም መቅዳትም ሥራ ሆኖ!» አለቻት።

«እዚያ ሰው አይሞትም» አለቻት።

ክሊኒኩ ከመነጽር ቤት በላይ ያለ ሁለት ክፍል ነው። አንዱ እንግዳ የሚጠብቅበት፣ አንዱ የሚታከምበት። በሁለተኛው ክፍል ጥግ፣ ከመጋረጃ ጀርባ፣ የእሷ ጠረጴዛ፣ የእጅ መታጠቢያውና የደም ማሽከርከሪያው ማሽን አሉ። ሐኪሟ ልጇ ልትሆን የምትችል ወጣት ሴት ናት። ሥራው እንዲህ ነው፦ ዓይኑ ሥር የጎደጎደ ወይም ቆዳው የሳሳ ሰው ሲመጣ ከራሱ ክንድ ደም ይቀዳል። ደሙ በማሽኑ ሲሽከረከር ቀዩ ወደ ታች ይዘቅጣል፣ ቢጫው ፈሳሽ ወደ ላይ ይቀራል። ቁስል የሚያድነው የደም ክፍል ያለው እዚያ ቢጫው ውስጥ ነው። ሐኪሟ ያንን በቀጭን መርፌ ዓይን ሥር ትወጋዋለች፤ ቆዳው በሳምንታት ውስጥ ራሱን እያደሰ ይመጣል ይባላል።

ደንበኞቹ የእሷን ፊት አይተው «አንቺስ ለምን አታሠሪውም?» ይሏታል። ከባሏ ሕመም ወዲህ ዓይኗ ሥር ጣት የሚያስገባ ጉድጓድ ወጥቷል።

«ጫማ ሰፊ በባዶ እግሩ ሲሄድ አላያችሁም?» ብላ ታስቃቸዋለች። ይሙላልኝ ብላ ግን አስባ አታውቅም።

ማሽኑ ሚዛን ይወዳል። አንድ ብልቃጥ ከገባ ትይዩው ቀዳዳ ላይ እኩል የሚመዝን ሌላ ካልገባበት ጠረጴዛውን ይዞ ይንገጫገጫል። ስለዚህ ከደንበኛው ደም ትይዩ ሁልጊዜ ውሃ የሞላ ብልቃጥ ታስገባለች። ደሙ ቀይ፣ ውሃው ነጭ። ደንበኛውም በየሰዓቱ አንድ አንድ እየሆነ ነው የሚመጣው። አንድ ሰው፣ አንድ ደም፤ ማን ከማን ይምታታል? ስም መጻፉ መጀመሪያ አንድ ቀን ተረሳ፣ ከዚያ በሳምንት አንዴ፣ ከዚያ ጭራሽ ቀረ።

አንድ ማክሰኞ ረፋድ ላይ አማትና ምራት ተያይዘው መጡ። አማቲቱ ገና ከበሩ ወሬዋን ጀመረች።

«ሲስተር፣ እኔ ዓይኔ ሥር ከረጢት አለኝ፣ እሷ ጉድጓድ አላት። ከኔ ቀንሳችሁ እሷን ብትሞሏት ሁለታችንም እንገላገል ነበር!»

«እማማ ደግሞ! ሰው ይሰማል» አለች ምራቲቱ እየሳቀች።

«ይስማ! ዓይንሽ የጎደጎደው እኔ ቤት ገብተሽ ነው እያሉ ነው የሚያሙኝ።»

ሐኪሟም ሳትደብቅ ነገረቻት። «እትዬ፣ የእርስዎ እብጠት ስብ ነው፤ ስብ በዚህ አይጠፋም። ከላይ ያለውን ቆዳ ያጠነክረው እንደሁ ነው።»

«የሚጠነክረው ይጠንክር፤ የቀረው ይቅር።»

ምን ሕመም እንዳለባቸው የሚጠይቀውን ቅጽ አንድ ወንበር ላይ ተጠጋግተው ሞሉት። አማቲቱ የራሷን ቶሎ ጨርሳ፣ መነጽሯን አፍንጫዋ ላይ አድርጋ የምራቷን በትከሻዋ በኩል ታነብላት ጀመር። ከዚያ እጀ ቀላል በተራ ቀዳቻቸው። ሁለቱም «አለቀ እንዴ?» አሉ።

ከመጋረጃው ጀርባ ሁለቱን ብልቃጥ ጎን ለጎን ስታያቸው መጠናቸው እኩል ነው። ውሃ ምን ያደርጋል? እርስ በርሳቸው ይመዛዘናሉ፤ ጊዜም ይተርፋል። የአማቲቱን በመስኮቱ በኩል፣ የምራቲቱን በግድግዳው በኩል አስገባች። «በመስኮት በኩል አማት» ብላ በልቧ ያዘች። ክዳኑን ዘግታ ቁልፉን ተጫነች።

ማሽኑ ጮኸ፣ ዞረ፣ ዞረ፣ ቀስ አለ፣ ቆመ። ክዳኑን ከፈተች።

አንደኛው ብልቃጥ ወደ በሩ፣ ሌላኛው ወደ እጅ መታጠቢያው ዞሮ ቆሟል። በመስኮት በኩል ያለ ብልቃጥ የለም። በግድግዳ በኩል ያለም የለም። ሃያ ሁለት ዓመት እንዲህ ያለ ማሽን ያሽከረከረች ሴት፣ በሚሽከረከር ነገር ላይ ቦታን ምልክት አድርጋ ነበር።

የቀዳዳዎቹን ቁጥር ፈለገች፤ በአልኮል ሲጠረግ ኖሮ ጠፍቷል። ብልቃጦቹን ወደ ብርሃኑ አነሳቻቸው። ሁለቱም ከላይ ቢጫ፣ ከታች ቀይ። የአንደኛው ቢጫ ትንሽ ፈዘዝ ያለ መሰላት። የወጣት ደም ይፈዛል? የአሮጊት ነው የሚፈዘው? ደግማ ስታያቸው ልዩነቱም ጠፋባት።

«ሲስተር፣ አልደረሰም?» አለች ሐኪሟ።

«ደርሷል» አለች።

ሐኪሟ መጋረጃውን ገልጣ እጇን ዘረጋች። «ከምራቲቱ እንጀምር፤ ማደንዘዣው ቅባት ይዟታል። የእሷ የቱ ነው?»

እጀ ቀላል ለእጇ የቀረበውን ሰጠቻት።

«ይሄ ነው የእሷ?»

«አዎ።»

ቃሉ ሳታዝዘው ነው የወጣው። ልመልሰው ስትል ሐኪሟ ቢጫውን ወደ መርፌው ስባ ሄዳለች። እሷም ጨርቁን ይዛ፣ እንደ ሁልጊዜው፣ ራስጌ ቆመች። ምራቲቱ ተጋድማ እጇን ፈልጋ ያዘቻት። መዳፏ በላብ ርሷል።

«ሲስተር፣ እፈራለሁ። ዓይኔን ቢያገኘኝስ?»

«አይዞሽ» ልትላት አፏን ከፈተች። ምላሷ ከላንቃዋ ተጣብቆ እምቢ አለ። መርፌው ወረደ። ቆዳው ላይ ሊደርስ የጣት ስፋት ያህል ሲቀረው፦

«ዶክተር ይተዉት! አይውጉ!» አለች። ጩኸቷ ራሷንም አስደነገጣት።

ሐኪሟ እጇን ወደ ኋላ ሰበሰበች። «ምን ሆኑ?»

«ደሙ የማን እንደሆነ አላውቅም።»

አማቲቱ ጥግ ካለው ወንበር ብድግ አለች። «አላውቅም ማለት ምን ማለት ነው?»

«የሁለታችሁን አንድ ላይ አሽከረከርኩት። ስም አልጻፍኩበትም። ይሄ የእርስዎ ይሁን የእሷ አላውቅም። ቅድም የእሷ ነው ያልኩት ውሸቴን ነው።»

ሐኪሟ መርፌውን ከነፈሳሹ የስለት መጣያው ሳጥን ውስጥ ከተተችው። የቀረውን ብልቃጥም አምጥታ ጨመረችው። «መጣሁ» ብላ ወደ መተላለፊያው ወጣች።

«እንግዲህ አንድ ቤተሰብ ነን» አለች አማቲቱ ነገሩን ልታቀል ብላ፤ «ብትወስድብኝስ ምን ትሆናለች? ትንሽ ቁጣዬ ይጋባባት ይሆናል እንጂ።»

ምራቲቱ አልሳቀችም። ከአልጋው ወርዳ «ቅባቱን ልታጠብ» ብላ ወደ መጋረጃው ሄደች፤ ስትሄድም የእጀ ቀላልን ጋውን ጫፍ ይዛ ሳበቻት። ውሃውን ከፈተችው፤ ድምፁ ወሬያቸውን እንዲሸፍንላት ነው። ፊቷ አመድ መስሏል።

«ሲስተር፣ የኔ ደም ለእማማ ሊወጋ ይችል ነበር?»

«ይችል ነበር።»

«የጉበት ቫይረስ አለብኝ።» በሹክሹክታ ነው የምታወራው። «ባለቤቴ ያውቃል። እሳቸው አያውቁም። ቅጹ ላይ የለብኝም ያልኩት በትከሻዬ በኩል ሲያነቡብኝ ነው። የራሴ ደም ለራሴ ነው፣ ማንን ይጎዳል ብዬ...»

እጀ ቀላል በርጩማውን በእግሯ ፈልጋ ተቀመጠች። ይህ ሕመም ከጠና ሰውን የት እንደሚያደርስ በዚያ ክፍል ከእሷ በላይ የሚያውቅ አልነበረም። የሦስተኛው ፎቅ ሽታ መጣባት። ቢጫው የዓይን ነጭ፣ ያበጠው ሆድ፣ ያጣችው ደም ሥር። ከሁለት ብልቃጥ አንዱን፣ ለእጄ ቀረበ ብላ ሰጥታ ነበር። የሰጠችው የአማቲቱን ከሆነ፣ መጥፎው ለአማቲቱ ይተርፍ ነበር።

«ለእማማ አይንገሩብኝ፤ በሞቴ።»

«የአንቺን ሕመም የምታወሪው አንቺ ነሽ። ከኔ አፍ አይወጣም። ለዶክተር ግን አሁን እነግራቸዋለሁ።»

«ቢያባርሩኝስ?»

«አንቺን አያባርሩሽም፤ ሐኪምሽን ጠይቀው መላ ይፈልጉልሻል። ዛሬ የሚባረር ካለ እኔ ነኝ፣ ልጄ።»

መተላለፊያው ላይ ነገረቻት። ሐኪሟ ግድግዳውን ተደግፋ ሰማቻት። ከዚያ ገብታ «ዛሬ ለማንም አይሠራም» አለች።

«ሁለት አውቶቡስ ቀያይሬ መጥቼ!» አለች አማቲቱ። «ከነከረጢቴ ልመለስ?»

«ከነከረጢትዎ ይመለሱ፣ እትዬ። በጤና ይመለሱ።»

አማቲቱ እያጉረመረመች ወረደች፤ ምራቲቱ ተከተለቻት። እጀ ቀላል መስኮቱ ጋ ቆመች። ሁለቱ ሴቶች መነጽር ቤቱ ደጃፍ ሲደርሱ ምራቲቱ አማቷን በክንዷ ይዛ አቆመቻት። አቀርቅራ የሆነ ነገር ትናገራለች። ከላይ አይሰማም። አማቲቱ ክንዷን ላጥ አድርጋ ቀማቻት። አሮጊቷ ወደ መንገዱ ዞር አለች፣ መነጽሯን አውልቃ በቀሚሷ ጠረገች፣ መልሳ አደረገች። ከዚያ ያንኑ ክንዷን ዘረጋችላት። ተያይዘው መንገዱን ተሻገሩ።

«ሲስተር።»

ሐኪሟ ጠረጴዛዋ ላይ ነጭ ወረቀትና እስክሪብቶ አስቀምጣለች። ዓይኗን አላነሳችም።

«የሆነውን ከመጀመሪያው ይጻፉልኝ። ለክሊኒኩ ባለቤቶች ማሳየት አለብኝ። ምን እንደሚሉ አላውቅም። ላስቀርዎት እሞክራለሁ፤ ቃል ግን አልገባም።»

«ውሸቱንም ልጻፍ?»

«እሱንም።»

ወንበሩን ስባ ተቀመጠች። የመጀመሪያው መስመር ወደ ታች ተንጋደደ። አልሰረዘችውም። ግራ እጇን በወረቀቱ ላይ ጫን አድርጋ ሁለተኛውን ቀጠለች።