የመጨረሻው ዕጣ

ልጅ ሳለሁ፣ ዘንገና ሐይቅ አጠገብ በነበረው ቤታችን፣ ማታ ማታ አያቴ ተረት ይነግሩን ነበር። ዲከረንስ የምንለው የከሰል ዛፍ ፍልጥ ጭሱ ዓይናችንን እያቃጠለ፣ የሶላር መብራቷ እየደከመች ስትሄድ ፍሙ ፊታቸውን ያቀላዋል፤ እሳቸውም በአገውኛ የጀመሩትን በአማርኛ ይጨርሱታል። ያኔ ከሁሉ የምንወደው አንበሳ፣ ጅብና ቀበሮ አንድ በሬ በዕጣ የተካፈሉበትን ነበር። አንበሳ ታላቅ ነኝ ብሎ ቀድሞ ዕጣ ያነሣል፣ ጅብ ይከተላል፣ ለቀበሮ ሰኮናው ይተርፋታል። «የመጨረሻ እጅ ሰኮና ይጨብጣል» ሲሉ እንስቃለን። የአባቴ ታናሽ ወንድም፣ አጎቴ አለኸኝ፣ ግን አይስቅም። የቤቱ የመጨረሻ ልጅ እሱ ነዋ!

አያቴ ሲያርፉ ሦስቱ ልጆቻቸው መሬቱን በዕጣ ተካፈሉ። ለወንዙ ዳር ቅጠል፣ ለዲከረንሱ ማሳ ቅርፊት፣ ለድንጋያማው ተዳፋት ጠጠር፣ በእጅ እንዳይለይ እኩል እኩል በጭቃ ተድቦልቡሎ ባርኔጣ ውስጥ ገባ። እንደ ወጉ የሁሉ ታላቅ የሆነው አባቴ ቀድሞ አነሣ። አለኸኝ እጁን ሲሰድ የቀረው ጠጠሩ ነበር።

«አባባ ነግረውናል፤ ለመጨረሻ ሰኮና ነው። እያወቃችሁ ነው የመጨረሻ ያደረጋችሁኝ!» አለ።

አባቴ እንለዋወጥ ቢለው እንደ ምጽዋት ቆጠረበት። ባሕር ዳር ገብቶ ቀረ፤ ለፋሲካ እንኳ አልመጣም። እኔ እሱን እንደ ናፈቅሁ አደግሁ።

እንጅባራ ዘጠነኛ ክፍል ስገባ የሂሳብ መምህራችን ፕሮባቢሊቲን፣ የዕድልን ስሌት፣ ሊያስተምሩን አንድ ጥቁርና ሁለት ነጭ አደንጓሬ ባርኔጣቸው ውስጥ ጨመሩ። ሦስት ሦስት እየሆንን ደወል እስኪደወል አነሣን። ጥቁሩ አንዴ ለመጀመሪያው፣ አንዴ ለመካከለኛው፣ አንዴ ለመጨረሻው ይደርሳል እንጂ የሚያዳላለት አልነበረም።

«የመጨረሻው የተረፈውን አይደል እንዴ የሚወስደው?» አልኳቸው።

«ቀዳሚዎቹ መልካሙን ትተውለት ቢሆንስ? ማንሣት ሳይጀመር የሁሉም ዕድል ከሦስት አንድ ነው፤ ተራ አይለውጠውም።»

አጎቴና ጠጠሩ ትዝ አሉኝና እንባዬ መጣ።

ቤት ገብቼ ለአጎቴ ደወልኩና ነገርኩት።

«ታዲያ እስከ ዛሬ ያኮረፍኩት ማንን ነው?» አለኝ።

አጠገቤ ለቆመው አባቴ ስልኩን ዘረጋሁለት፤ እሱም በተራው ተቀይሞ ነበርና እጁን ሰበሰበ። ኩርፊያ ከሰነበተ ምክንያቱ ቢሄድም እሱ አይሄድም። አጎቴ ያን ዓመትም አልመጣም።

ዛሬም ፍም ባየሁ ቁጥር የሚቆጨኝ፣ ያን ሁሉ ምሽት ስቀን ስንተኛ፣ አንዳችንም አያቴን «ቀበሮዋስ ቀድማ ብታነሣ ሰኮናው አይደርሳትም ነበር?» ብለን አለመጠየቃችን ነው።