ሁለት ጣት ትርፍ

ጋሽ ምቾት ሶፋ መሥራት ከጀመሩ ሠላሳ ዓመት አልፏቸዋል። ስሙን ያወጣላቸው ሰፈሩ ነው፤ እሳቸው በሠሩት ወንበር ላይ አንዴ የተቀመጠ ሰው ለመነሣት ይለግማልና። ምስጢሩ ሁለት ጣት ነው። ጨርቁን ሲቆርጡ ከልኩ ሁለት ጣት ይጨምራሉ፤ ስፖንጁንም ጎኑ እስኪነፋ ይጠቀጥቁታል። “ሰው ሲቀመጥበት ይሰምጣላ!” ይላሉ፣ ቆልማማ መርፌያቸውን በከንፈራቸው ይዘው። መርፌው ከአፋቸው የሚወጣው ሲሰፉና ሲበሉ ብቻ ነው።

የመጨረሻ ልጃቸው ግን መቀመጥ አትወድም። የከተማው የወጣት ሴቶች የሜዳ ሆኪ ቡድን በረኛ ናት። የቀጣናው ማጣሪያ የመጨረሻ ጨዋታ ሊደረግ አንድ ሳምንት ሲቀረው የእግር መከላከያዋ በልምምድ ላይ ተበጣጠሰ። የታዘዘው አዲስ ዕቃ አይደርስም ተባለ። ያለ እሱ ደግሞ በር ላይ መቆም አይታሰብም፤ የሆኪ ኳስ ድንጋይ በለው። ልጅቷ ቀጥ ብላ አባቷ ሱቅ ገባችና ቅዳጁን ጠረጴዛው ላይ ዘረገፈችው።

“አባዬ፣ ይሄ ያቅትሃል?”

“ለእግሬ ሶፋ ሥራልኝ ነው የምትይኝ?”

“ሶፋ አይደለም! ኳሱ ነጥሮ መመለስ አለበት። ወርዱም ከሠላሳ ሳንቲ ሜትር እንዳይበልጥ።”

“ሠላሳ” አሉ፣ ከጆሯቸው ላይ እርሳስ መዘው።

በስድስተኛው ቀን ልጅቷ አጥልቃው በሱቁ ውስጥ እንደ ዳክዬ ስትንገዳገድ እናቷ በሳቅ ፈረሰች። “ልጄን የሳሎን ዕቃ አደረጋት!”

ልጅቷ ኳስ ወረወረችበት። ኳሱ ዱብ ብሎ እግሯ ሥር ቀረ። ኳሱን አነሣችና “ጥሩ ነው፣ አባዬ” አለች፤ አባቷ ስድስት ቀን ሙሉ ወገባቸውን ሳያቀኑ ነው የሠሩት።

ቅዳሜ ጠዋት የመጨረሻው ጨዋታ ነበር። ወደ አገር አቀፉ ውድድር የሚያሳልፋቸው ማሸነፍ ብቻ ነው፤ እኩል እንኳ ከወጡ ተጋጣሚያቸው በግብ ብልጫ ይቀድማቸዋል። ለልጅቷ ደግሞ ከርሞ የሚባል ነገር የለም፤ ዕድሜዋ ያልፋል። ጋሽ ምቾት የሥራ ሽርጣቸውን እንኳ ሳይፈቱ ሜዳው ዳር ተገትረዋል።

የውድድሩ ተቆጣጣሪ ሜትሯን ዘርግታ መከላከያውን ለካች። ደግማ ለካች።

“ሠላሳ ሦስት ተኩል። በዚህ አትገባም።”

ጋሽ ምቾት ክው አሉ። ሁለት ጣት! እጃቸው በልማዱ ጨምሮ ቆርጦታል።

“ሌላ በረኛ የለንም እኮ፣ ጋሼ” አለች አሰልጣኟ፣ ጭንቅላቷን ይዛ።

“የኔ እመቤት፣ ስንት ደቂቃ አለኝ?” አሉ ወደ ተቆጣጣሪዋ ዞረው።

“ሃያ። ግን አባት፣ በሃያ ደቂቃ ምን ሊፈጥሩ ነው?”

ጋሽ ምቾት ከሽርጣቸው ኪስ ሲባጎ አወጡ፣ መከላከያውን ሣሩ ላይ በጎኑ አቆሙና ተጫዋቾቹን ጠሩ። “ኑ፣ ሁለታችሁ ተቀመጡበት! አንቺ ወፍራሟም ነይ!”

“ጋሼ፣ ስድብ ነው?”

“ዛሬ ምርቃት ነው! ተጫኚልኝ!”

ልጆቹ እየተንከተከቱ ተጫኑት። መርፌው ከአንዱ ጎን ገብቶ በሌላው ወጣ፤ ጋሽ ምቾት ሲባጎውን በጥርሳቸው ጭምር ስበው ቋጠሩት፣ እንደገና ወጉ፣ እንደገና ቋጠሩ። ያ ሁሉ የተነፋ ስፖንጅ ወደ ውስጥ ተሰብስቦ እንደ ጣውላ ደረቀ። ሁለተኛውን ሲጨርሱ ላባቸው ባገጫቸው ይንጠባጠብ ነበር።

“ሃያ ዘጠኝ ተኩል” አለች ተቆጣጣሪዋ። ፈገግታዋን ለመደበቅ ወረቀቷ ላይ አጎነበሰች። “ትግባ!”

የልጅቷ ቡድን አንድ ለባዶ እየመራ የመጨረሻዋ ደቂቃ ደረሰች፤ ያኔ ዳኛዋ ለተጋጣሚ የቅጣት ምት ሰጠች። ሜዳው ዙሪያ ያለው ሰው በሙሉ ተነሣ። ረጅሟ አጥቂ ዱላዋን ወደ ኋላ ሰቅላ ኳሷን ለጋቻት። ኳሷ አልታየችም፤ የተሰማው ድምፅ ብቻ ነው። ጓ! የልጅቷ ግራ እግር ላይ አርፋ፣ ነጥራ፣ በሁሉም አናት ላይ አልፋ እስከ ሜዳው መሐል በረረች።

ፊሽካው ተነፋ። አለቀ!

“አባዬ! ነጠረ! አየኸው? ነጠረ!” ልጅቷ ራስ ቁሯን ወርውራ እየሮጠች መጥታ አንገታቸው ላይ ተጠመጠመች።

“አየሁት! የኔ አንበሳ፣ አየሁ…” ጋሽ ምቾት ድንገት ከንፈራቸውን ዳበሱ። “ኧረ ማንም እንዳይነቃነቅ! መርፌዬ!”

ለካ ጨዋታውን በሙሉ በከንፈራቸው ይዘውት ኖሮ፣ ሲጮኹ ወድቋል። ወደ አገር አቀፉ ያለፈው ቡድን ደስታውን የጀመረው እንግዲህ እንደዚያ ነው፤ አሰልጣኟም፣ ያቺ “ወፍራም” የተባለችውም፣ ተቆጣጣሪዋም ሳትቀር በአራት እግራቸው ተንበርክከው፣ ሆዳቸውን እየያዙ ሲስቁ፣ ሣሩን በመዳፋቸው እየዳበሱ።