ጋሼ አሜንን የጠበቁበት ቅዳሜ

ኩን ራፒድስ በምትባል የአሜሪካ ከተማ ባለችው የአማርኛ ቤተ ክርስቲያናችን ቅዳሜ ከሰዓት ለወጣቶች መጽሐፍ ቅዱስ አስተምራለሁ። ባለፈው መኸር ዘፍጥረትን ጀመርን፤ ክፍሉ ሊዘጋ የደረሰውም በእሱ ምክንያት ነው። አንዲት እናት ልጇን ሶፋ ላይ ዓይኗን ጨፍና ዝም ብላ ተቀምጣ አገኘቻት። ምን እያደረገች እንደሆነ ብትጠይቃት፣ ልጅቷ «ዘፍጥረት ምዕራፍ አንድን» ብላ መለሰችላት። እናትየዋ የሌላ ሃይማኖት ነገር መስሏት ደነገጠች፤ ወሬውም በማግስቱ የቤተ ክርስቲያኗ ሽማግሌዎች ዘንድ ደረሰ።

ነገሩን ላስረዳ። ኮሌጅ ሳለሁ ስለ ቡድሂስቶች የልቡና ትምህርት አንድ ኮርስ ወስጄ ነበር። የሚያስጨንቅ ሐሳብ ሲመጣ አትታገለው፣ አታባርረው፤ እየው፣ ስም ስጠው፣ ያልፋል ይላሉ። በኋላ ዘፍጥረትን ሳነብ ይኸው ነገር በቅደም ተከተል ተቀምጦ አገኘሁት። ምድር ባዶ ናት፣ በጥልቁ ላይ ጨለማ አለ፤ ልክ የፈተና ዋዜማ ጭንቅላት። እግዚአብሔር ግን ጨለማውን አላጠፋውም። ብርሃንን ፈጠረ፣ ሁለቱን ለየ፣ ጨለማውን «ሌሊት» ብሎ ጠራው፣ ተራም ሰጠው። አዳምም አራዊቱ ወደ እሱ ሲመጡ ስም አወጣላቸው እንጂ አንዱንም አላባረረም። የፍጥረት ታሪክ ትርጉሙ ይህ ብቻ ነው አላልኩም። እንዲያውም «ይህ አንዱ አነባበብ ነው» ብዬ ሰሌዳው ላይ በትልቁ ጽፌ ሁለት ጊዜ አስምሬበታለሁ።

ስለዚህ በየሳምንቱ ጥቂት ደቂቃ ዝም ብለን እንቀመጥና ለመጣልን ሐሳብ ሁሉ የእንስሳ ስም እናወጣለን። አንዲት የመንጃ ፈቃድ ፈተና የወደቀች ልጅ ፍርሃቷን ዝይ አለችው፤ ፓርኪንግ ላይ ሰው የምታሳድደውን ዝይ። «ከሮጥክ ትከተልሃለች፤ ከቆምክ ትሄዳለች» አለች። እኔ አንድ ሰዓት ሙሉ ካስረዳሁት ይህ ይሻል ነበር።

ሽማግሌዎቹ ክፍሉን አይተው እንዲወስኑ አንድ ጋሼ ላኩ። በሽተኞችን በቫን ወደ ሆስፒታል የሚያመላልሱ፣ ረጋ ያሉ ሰው ናቸው። የመጡት ዝምታውን ከጀመርን በኋላ ነበር። እንግዲህ በእኛ ቤተ ክርስቲያን ዓይኑን የጨፈነ ሰው እየጸለየ ነው፤ ጸሎት ላይ የደረሰም ባለበት ይቆማል፣ «አሜን» እስኪባል ዓይኑን አይገልጥም። ጋሼ በሩ ላይ ኮፍያቸውን አውልቀው፣ አንገታቸውን ደፍተው ቆሙ።

እኛ ደግሞ አሜን አልነበረንም።

በአንድ ዓይኔ አየኋቸው። መጀመሪያ «ጌታ ሆይ» እያሉ በሹክሹክታ አገዙን። የሚያግዙት ድምፅ ሲያጡ ዝም አሉ፤ እጃቸው ላይ ይንሿሿ የነበረው ቁልፍም ጸጥ አለ። ከኋላ አንዱ ሳቁን በእጅጌው አፈነ። በመጨረሻ ደቂቃው ሞልቶ የስልኬ ደወል ጮኸና ሁላችንም ዓይናችንን ገለጥን። ጋሼ ግን ንቅንቅ አላሉም፤ የስልክ ደወል አሜን አይደለማ።

የዝይዋ ባለቤት ጠጋ ብላ፣ «ጋሼ፣ አልቋል እኮ» አለቻቸው።

አንድ ዓይናቸውን ብቻ ገለጡ። «ማን አሜን አለ?»

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ፤ እሳቸውም አብረው ሳቁ። እኔ ወደ ሰሌዳው ሮጬ ከመጀመሪያው ቀን እስከ ሰባተኛው አስረዳኋቸው፤ ከሚገባው በላይ ሳላስረዝመው አልቀረሁም። ይዘጋ ካሉ እንደምዘጋው፣ ግን ልጆቹ ቅዳሜን መውደድ የጀመሩት ገና አሁን መሆኑን ነገርኳቸው። የዝይዋ ባለቤት ደግሞ እሳቸውንም እንደ ተማሪ ቆጥራ ጠየቀቻቸው፤ ቆመው ሳሉ ምን ሐሳብ መጣባቸው?

«መጀመሪያ የቫኑ ፍሬን። ቀጥሎ ሰኞ ሆስፒታል የማደርሳቸው አንዲት በሽተኛ። ከዚያ በኋላማ እነዚህ ልጆች አሜን የሚሉት መቼ ነው የሚለው ብቻ።»

«እሱ ምን እንስሳ ነው?»

ጋሼ የምር አሰቡበት። «በቅሎ» አሉ። «ገፋሁት፣ ገፋሁት፣ አልሄድ አለኝ። ተውኩትና ሄደ።»

ልጅቷ ወደ እኔ ዞራ ቅንድቧን አነሳች። ጋሼ ኮፍያቸውን አጠለቁ።

«ለደነገጠችው እናት እኔ እነግራታለሁ» አሉኝ። «ክፍሉ ይቀጥል። ግን ልጄ፣ መጨረሻው ላይ አሜን በሉ። የሰው እግር ይደነዝዛል።»