የኒኒ አስታ ፊት

ሂራ ሾቫ ከልጅነቷ ጀምሮ እጇ የሚታዘዘው ለጎረቤት እንጂ ለአማልክት አልነበረም። ፓታን ከተማ ውስጥ እሷ ባደገችበት ግቢ ግን አማልክት የማይሠራ ሰው የለም። አባቷም ባድሪ ራትና ምስሉን በሰም ያበጁታል፤ በኋላ ሰሙ ቀልጦ ይወጣና መዳብ ይፈስበታል። የአማልክት ፊት ልክ አለው፤ ግንባሩ ይህን ያህል ጣት፣ አገጩ ይህን ያህል ጣት ተብሎ ከአባት ለልጅ የሚወርድ ስለሆነ ማንም ከራሱ አይጨምርበትም። ሂራ ሴት አምላክ ሥሪ ስትባል ሠርታ ታመጣለች፤ አባቷ አገላብጠው ሲያዩት አገጩ የወተት ሻጯ አገጭ ሆኖ ያገኙታል።

«ይቺን ሴትዮ ዛሬ ጠዋት ወተት ስትሰፍር አይቻታለሁ» ይሉና እየሳቁ ሰሙን መልሰው ድስት ውስጥ ይጨምሩታል። «ልጄ፣ አምላክ ጎረቤት አይመስልም። ጎረቤት መሥራት ካማረሽ ሌላ መላ ፈልጊ።»

ፈለገች፤ አገኘችም። ከከተማው ዳር ለቱሪስት የሚሸጡ ምስሎችን ሬዚን ከሚባል፣ ሲደርቅ እንደ ድንጋይ ከሚጠነክር ፈሳሽ የሚሠራ ሱቅ ነበር። እዚያ ተቀጥራ ሥራውን ለመደችና ቤቷ ተመልሳ የራሷን ሰዎች መሥራት ጀመረች። ከስንዝር የማይረዝሙ፣ መዳፍ ላይ የሚቆሙ ሰዎች፦ ፂም የሚላጭ ሽማግሌ፣ ማሰሮዋን አስደግፋ የምታዛጋ ልጃገረድ፣ ከውሻ ጋር የሚጨቃጨቅ ልብስ ሰፊ። አባቷ መጀመሪያ «ፕላስቲክ» ብለው ናቁባት። በኋላ ግን ጠዋት ጠዋት ፀሐይ ሲሞቁ፣ መደርደሪያዋን በዓይናቸው እየቃኙ «ይሄ የእኛ ልብስ ሰፊ አይደለም እንዴ?» ማለት አመጡ።

ሥራዋ የሚጀምረው ከማየት ነበር። አደባባዩ ዳር፣ ውኃው ከድንጋይ አፍ ከሚወርድበት ደረጃ ላይ ቁጭ ትልና ሰው እንዴት እንደሚቀመጥ፣ ክብደቱን በየትኛው ጉልበቱ ላይ እንደሚጥል ታያለች። ከዚያ ቤቷ ገብታ ሽቦ ታጥፋለች፤ ሽቦው አጥንት ነው። በላዩ ሰም ትለጥፋለች፤ በጥፍሯ፣ በመርፌ፣ ከቀርከሃ በጠረበችው ስንጥር ትፍቀዋለች። ሰሙ ሰው ሲመስል ፈሳሽ ጎማ ታለብሰዋለች። ጎማው ሲረጋ ሁለት ቦታ ትከፍለውና ሰሙን ታወጣለች፤ ፎርማው ያ ባዶው ጎማ ነው። እንግዲህ ሬዚኑን ከማጠንከሪያውና ከድንጋይ ዱቄት ጋር አማስላ ታፈስበታለች።

ከሁሉ ሰው አብልጣ ስታየው የኖረችው አስታ ማያን ነበር። አስታ ማያ ጎመንና የሰናፍጭ ቅጠል የሚሸጡ፣ ቀይ ጠርዝ ያለው ጥቁር ቀሚሳቸውን ከቁርጭምጭሚታቸው ከፍ አድርገው የሚታጠቁ ሴት ናቸው። ሰፈሩ ሁሉ እንደ አባቱ እህት ቆጥሮ «ኒኒ» ይላቸዋል። ምላሳቸው ግን ጠጉር ይሰነጥቃል። ቅጠሉን ነካክቶ ሳይገዛ የሚሄድ ሰው እስከ አያቱ ድረስ ተሰድቦ ነው የሚሄደው። ሂራ ቁጢጥ ብለው፣ አፋቸውን ከፍተው፣ ጣታቸውን ቀስረው ሠራቻቸውና ሥራዋን የሚሸጥላት ባለሱቅ ፑርና ከሱቁ መስታወት ውስጥ አቆማቸው።

አንድ ቀን ኒኒ አስታ ምስሉን ከሱቁ አንስተው፣ አንገቱን እንደ ዶሮ አንቀው ይዘው ሂራ ቤት መጡ።

«ይቺ ማናት?»

ሂራ ብሩሿን አስቀመጠች። «ማንን ትመስልዎታለች ኒኒ?»

«ፑርና ሲስቅ ያየሁት ለጤና መስሎኝ ነበር። ጠጋ ብዬ ባይ እኔ ነኝ! ጣቴን ለምን ቀሰርሽው? እኔ ጣት እቀስራለሁ?» አሉ ጣታቸውን አፍንጫዋ ላይ ቀስረው።

ሂራ ሳቋን ዋጠች። «ሳላስፈቅድዎት መሥራቴ ጥፋቴ ነው። ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

«ይቅርታው ይቆይ። አፌን ዝጊው።»

«ከደረቀ በኋላ አይዘጋም።»

«እንግዲያው ሌላ ሥሪ። ዝም ያለች፣ የረጋች፣ ሰው ሲያያት ‹እንዴት ያለች ጨዋ ሴት› የሚላት።»

ከዚያ ወዲያ ኒኒ አስታ ቅጠላቸውን ሸጠው ሲጨርሱ እየመጡ፣ ለመታወቂያ ፎቶ እንደሚነሳ ሰው ደርቀው ይቀመጡላት ጀመር። ሂራም ያሉትን ሠራች፤ እጆቿን ጭኗ ላይ ያጣመረች፣ ከንፈሯን የገጠመች ሴት። ቀለሟ ደርቆ ጠረጴዛ ላይ ስትቆም ባድሪ ራትና ምርኩዛቸውን ይዘው ገቡ።

«ይቺ ሴትዮ የት ነው የምትሸጠው?» አሉ ምስሏን እያዩ። «ሰላማዊ ትመስላለች። ካሁን በኋላ ከእሷ ብንገዛ ምናለ?»

ሂራ ኒኒ አስታ ይነሱባቸዋል ብላ ጠበቀች። አልተነሱም። ምስሏን አንስተው ብዙ ካዩ በኋላ ዝቅ ባለ ድምፅ «እኔ አይደለሁማ» አሉና ቁጭ አሉ።

ነገሩን ያን ጊዜ አወጡት። ሙና የምትባል አንዲት ልጅ አለቻቸው። ከዓመታት በፊት አንድ የአውቶቡስ መካኒክ ወዳ አገባች፤ እሳቸው አልወደዱትም ነበርና ደጃፉ ላይ፣ ሰው በተሰበሰበበት «ሞተች ብትባይ እንኳ እንዳትመጪ» አሏት። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ልጅቷ ፖክሃራ ወደምትባል ሩቅ ከተማ ሄደች፤ አልተመለሰችም።

«ይቺን ልልክላት ነበር» አሉ። «በርዳለች፣ ዝም ብላለች ብላ እንድታስብ።»

«ኒኒ፣ ሙና ይቺን ብታይ ‹እማዬን ምን አደረጓት?› ብላ ነው የምትደነግጠው።»

ኒኒ አስታ ሳቁ። ሳቃቸው ሌላ ነገር አስታወሳቸው። ሙና ሕፃን ሳለች ቅርጫቱ ውስጥ ትተኛለች፤ እሳቸው ፀሐይ እንዳይመታት ቅጠል ያለብሷታል። አንዲት ገዢ ጎመን መርጣለሁ ብላ ገለጥ ብታደርገው ሁለት ዓይን ቁልጭ ቁልጭ ይልባታል፤ ሴትዮዋ ጫማዋን ጥላ ሮጠች። ይህን ሲያወሩ አንድ እጃቸው ባዶው ቅርጫት ጠርዝ ላይ ነበር። ጨዋታው ሲያልቅ ጸጥ አሉ፤ አንገታቸው ወደ አንድ ጎን ዘንበል ብሎ፣ አፋቸው ሳይገጥም፣ ከሩቅ የሚጠራቸው ሰው ያለ ይመስል።

የሂራ እጅ ሳታዘው ሰም ፈለገ።

ሦስተኛዋ ሴት እንደዚያ ሆና፣ ከነቅርጫቷ ተሠራች። ጊዜው ብርድ ነበርና ሬዚኑ እንደ ማር ወፍሮ አልፈስ አለ፤ አረፋው መውጫ አጥቶ መጀመሪያ የፈሰሰችው አፍንጫዋ ጫፍ ላይ ጉድጓድ ይዛ ወጣች። ኒኒ አስታ አይተው «ጉንፋን ይዞኛል» አሉ። ሁለተኛ ጊዜ ሂራ ጣራ ላይ ወጥታ፣ ጣሳውንም ፎርማውንም ፀሐይ አሙቃ አፈሰሰችው። ጎማው ሲላጥ ጆሮዋ ድረስ ያለው ሁሉ ሙሉ ሆኖ ተገኘ። የፎርማው መገጣጠሚያ በአካሏ ዙሪያ የተወውን ስፌት በስለት ፋቀችው፤ በብርጭቆ ወረቀት እያረጠበች አለሰለሰችው። ከዚያ ጥቁሩን ቀባች፤ ቀዩን ጠርዝ በጥቂት ጠጉር ብሩሽ ጎተተችው። ዓይኖቿን ለመጨረሻ አቆየቻቸው። ያን ጊዜ ኒኒ አስታ እንኳ ትንፋሻቸውን ያዙ።

ባድሪ ራትና ምስሏን ወደ ብርሃን አስጠግተው ቆዩ። «ቅርጫቱ ትንሽ ጠቧል» አሉ። ከእሳቸው አፍ ይህ ትልቅ ሙገሳ ነው።

ምስሏ በጭድ ተጠቅልላ፣ የሰፈሩ ልጅ በሚነዳው አውቶቡስ ፖክሃራ ሄደች። ኒኒ አስታ ቃል አልላኩባትም። ሾፌሩ ሲመለስ ግን አደባባዩ ላይ አቆሙት።

«ተቀበለች?»

«ተቀበለች።»

«ምን አለች?»

«ምንም። ሻይ አጠጣችኝ።»

«ምን ዓይነት ሻይ?»

«ወተት ያለው።»

ኒኒ አስታ ስለ ወተቱ ሲያስቡ ሰነበቱ። ሂራን «የተናደደ ሰው ወተት ይጨምራል?» ብለው ጠየቋት። «እኔስ አልጨምርም» አለቻቸው። ሳምንታት አለፉ፤ ከሙና ግን ድምፅ የለም። ሂራ ነገሩን በመንካቷ መጸጸት ጀመረች፤ ኒኒ አስታም ገዢ ሲሳደቡ እንኳ ልባቸው ሥራው ላይ አልነበረም።

ብርዱ አልፎ የእናት ፊት የሚታይበት ቀን ደረሰ። በዚያ ቀን እናት ያለው ሰው የትም ቢኖር ጣፋጭና እንቁላል ይዞ የእናቱን ፊት ሊያይ ይሄዳል፤ እናቱ የሞተችበት ከከተማው ውጭ ወዳለው ኩሬ ወርዶ ይታጠባል። ሂራ እናቷን ካጣች ቆይታለችና ማልዳ ወደ ኩሬው ወረደች። ስትመለስ ከአደባባዩ ጩኸት ሰማች።

«ሕፃን ልጅ በዚህ ፀሐይ ባዶ ራሷን ይዘሻት ትመጫለሽ? ባርኔጣ አይሸጥም ፖክሃራ?»

«እማዬ፣ ገና ከአውቶቡስ መውረዳችን ነው። መጀመሪያ ሳሚኝ፣ ከዚያ ትቆጪኛለሽ።»

ሙና ነበረች። ዓይኗ ቀልቷል፤ ግን ትስቃለች። ባሏ ከኋላዋ ጣፋጩን ተሸክሞ፣ መሬት መሬት እያየ ቆሟል። ኒኒ አስታ አንድ ጊዜ ገላመጡትና «አንተስ ምን ትገተራለህ? ተቀመጥ፤ ከስተሃል» አሉት። እሱም ተቀመጠ።

ሙና ሂራ ማን እንደሆነች ስታውቅ ጎኗ ቁጭ አለች። «ስትመጣልኝ ተናድጄ ቁም ሣጥን ላይ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙሬ አስቀመጥኋት» አለቻት። «ልጄ ወንበር ላይ ወጥታ አዞረቻት። ማናት ስትለኝ አያትሽ ናት አልኋት። ‹ማንን እየሰማች ነው?› አለችኝ። ለመምጣት የወሰንሁት ያን ዕለት ነው።»

ሂራ ልጅቷን አየች። ልጅቷ የሰናፍጭ ቅጠል እየበጣጠሰች ነበር፤ አያቷ ግን አልተቆጧትም።

ኒኒ አስታ እንቁላሉን ልጠው ለሁሉም አደሉ። ሂራ ልትሄድ ስትነሳ ቀሚሷን ይዘው አስቀመጧት።

«ወዴት? እናት የሌላት ዛሬ ከእኔ ጋር ነው የምትበላ።»

«ቤት አባቴ ብቻቸውን ናቸው።»

«እሳቸውንም ጥሪያቸው። ስለ ቅርጫቴ የተናገሩትን አልረሳሁም።»

ሂራ አባቷን ደግፋ አመጣቻቸው። ኒኒ አስታ ጥላ ያለበትን ደረጃ ለቀቁላቸው፤ ሁሉም እርጎ መሐል አድርገው፣ ቅጠሉን እያነሳ የሚጥለው ገዢ ሳይሰደብ እስኪያልፍ ድረስ ሲጫወቱ ዋሉ።