ሐብሐብ የሚቀርጸው ሾፌር

እንግዳወርቅ ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ በሰሜን ለንደን አውቶቡስ ነድቶ ባለፈው ዓመት ጡረታ ወጣ። የመጀመሪያውን ሳምንት ተኛ። በሁለተኛው ሳምንት የሆሎዌይ ቤቱን ኩሽና ማስተካከል ጀመረ። በርበሬውን ከሽሮው ለይቶ ከሻይ ቅጠሉ ጋር አደረገ፤ ድስቶቹን በቁመታቸው አሰለፈ። ሚስቱ ሐረገወይን ነርስ ናት፤ አንድ ቀን ከሥራ ደክሟት ገብታ ጨው ፍለጋ ስድስት ቁምሳጥን ከፈተች። በማግስቱ ሰፈራቸው ባለው የማኅበረሰብ ማዕከል የኮምፒውተር ትምህርት አስመዘገበችው።

«ማክሰኞ ጠዋት፣ ክፍል ሦስት። እንዳትቀር» አለችው።

አልቀረም። ብቻ ክፍል አራት ገባ።

በሩን ሲከፍት ሰባት ሴቶች ረጅም ጠረጴዛ ከበው ተቀምጠዋል። በየፊታቸው ዱባ፣ ካሮትና ፓፓያ ተደርድሯል። መሐል ላይ አንድ ትልቅ ሐብሐብ አለ፤ እንግዳወርቅ ሐብሐብ መሆኑን ያወቀው ከሥሩ በቀረው አረንጓዴ ልጣጭ ነው። ላዩ በሙሉ አበባ ሆኗል፤ እያንዳንዱ ቅጠል እንደ ወረቀት ስስ ነው። ልደት የሚከበር መሰለው። ይቅርታ ብሎ ሊመለስ ሲል፣ ቁመታቸው ትከሻው የማይደርስ አንዲት አሮጊት ብድግ ብለው እጁን ይዘው አስቀመጡትና ቀጭን ቢላ ሰጡት።

«ወንድ ተማሪ ስጠብቅ አሥራ አንድ ዓመቴ ነው» አሉት በእንግሊዝኛ።

ማሊ ይባላሉ፤ ታይላንዳዊት ናቸው። አትክልትና ፍራፍሬ ቀርጾ አበባ ማድረግ የአገራቸው የቆየ የእጅ ሙያ ነው፤ እሳቸው የተማሩት ከአክስታቸው፣ አክስታቸው ደግሞ ከአያታቸው። እንዲህ ለተቀበለው ሰው «ተሳስቼ ነው» ማለት ለእንግዳወርቅ ነውር መሰለው። ለዛሬ ብቻ ብሎ ካሮት አነሣ።

ቤት ሲገባ ሐረገወይን «እህ፣ ምን ተማርክ?» አለችው።

«ፋይል ከፈትን።»

«ጣትህ ላይ ያለው ፕላስተር ምንድን ነው?»

«ያው... ኪቦርዱ አሮጌ ነው።»

ለዛሬ ብቻ ያለው ሦስት ወር ሆነ። ማሊ ቀላል አስተማሪ አልነበሩም። ቅጠሉ ወፍሮ ከመጣ አንድ ቃል ሳይናገሩ አንሥተው ይበሉታል። «እስካሁን ሁለት ኪሎ ስህተት አብልተኸኛል» ይሉታል። እሱ ግን አልተማረረም። ሆሎዌይ ሮድ ላይ በሥራ መውጫ ሰዓት አውቶቡስ የነዳ ሰው ለአንድ ቅጠል ሩብ ሰዓት መቀመጥ አይከብደውም።

አንድ ሐሙስ ሐረገወይን ኮቱን ልታጥብ ኪሱን ስትፈትሽ በሶፍት የተጠቀለለች ጽጌረዳ አገኘች። ወዲያው ለጓደኛዋ ለአልታየሽ ደወለች።

«አበባ! በስድሳ ሰባት ዓመቱ አበባ ተሰጥቶት!»

«ምን ዓይነት አበባ?»

«እኔ እንጃ፣ ብርቱካናማ... ቆይ እስቲ። ካሮት ካሮት ይሸታል።»

አልታየሽ ፈረደች። «እንግዲያውስ ሴትዮዋ ድሃ ናት።»

ማክሰኞ ሐረገወይን ሺፍት ቀይራ ባሏን ተከተለችው። በክፍል አራት በር መስታወት አሾልካ ስታይ፣ መነጽሩን አፍንጫው ጫፍ ላይ አድርጎ ሐብሐብ አቅፏል፤ አንዲት አሮጊት ደግሞ በማንኪያ እጁን መታ መታ ያደርጉታል። በርግዳ ገባች።

«ኮምፒውተሩ ይሄ ነው?»

እንግዳወርቅ ሐብሐቡን እንዳቀፈ ተነሣ። «ሐረግ፣ ላስረዳሽ...»

ማሊ ቀደሙት። ሚስቱ መሆኗ ሲገባቸው መዳፋቸውን ደረታቸው ላይ ገጥመው ጎንበስ አሉላት። «የቀረኝ ተማሪ ባልሽ ብቻ ነው» አሏት።

እውነትም ክፍሉ ውስጥ ሌላ ሰው አልነበረም። ሴቶቹ አንድ በአንድ መምጣት አቁመዋል። ማዕከሉም በወሩ መጨረሻ ስድስት ተማሪ ካልተገኘ ክፍሉን ለዮጋ እንደሚሰጥ ለማሊ ጽፎላቸዋል።

«ሴት ልጄ ኢንሹራንስ ትሸጣለች» አሉ ማሊ። «ወንዱ እንኳን ሊቀርጽ አትክልት አይበላም። እኔ ስሄድ የአክስቴም እጅ አብሮኝ ይሄዳል።»

ሐረገወይን ልትጣላ ነበር የመጣችው። ሐብሐቡን ዞራ አየችው።

«ይሄን አንተ ነህ የሠራኸው?»

«ግማሹን። ያማረው የእሳቸው ነው።»

ወንበር ስባ ተቀመጠችና ስልኳን አወጣች። ሐረገወይን የቤተ ክርስቲያናቸው የሴቶች ማኅበር ሰብሳቢ ናት። «የጾም ማዕድ ማሳመሪያ ትምህርት» ብላ በዋትሳፕ ላከች። በሚቀጥለው ማክሰኞ አልታየሽን ጨምሮ ዘጠኝ ሴት መጣ፤ ሦስቱ ነጠላቸውን እንዳጣፉ ነበሩ።

በአራተኛው ሳምንት አልታየሽ ደፈረች። «አበባውን ትቼ የቀሚስ ጥልፍ ብቀርጽበትስ?»

«አይሆንም» አሉ ማሊ። «መጀመሪያ የአክስቴን ሃያ አራት ቅርጾች ጨርሺ። ከዚያ የእናትሽን ጥልፍ ታስተምሪኛለሽ። ከተቀላቀለ ሁለቱም ይጠፋሉ።»

አልታየሽ አኩርፋ ዱባዋን አነሣች። አሁን አሥራ ስምንተኛው ላይ ደርሳለች።

ባለፈው ሐምሌ የወዳጃቸው የዘርይሁን ልጅ ቶተንሃም አዳራሽ ውስጥ ስትዳር እንግዳወርቅ አንድ ሙሉ ቀን ፈጅቶ ሦስት ሐብሐብ ቀረጸ። እንግዳው ሙሽሮቹን ትቶ ከሐብሐቡ ጋር ፎቶ ይነሣ ጀመር፤ የሙሽራዋ እናት ተናደው ጠረጴዛውን ወደ ጥግ አስገፉት። የሙሽራው አባት አቶ ሳዶቅ ግን ማንም እንዳይነካው አጠገቡ ቆመው እንደ ዘብ ጠበቁ። ማሊ የሐር ልብሳቸውን ለብሰው መጡ፤ ሥራውን ዞር ዞር ብለው አዩ፤ ከዚያ ትልቁን ቢላ አንሥተው አበባውን መሐል ለመሐል ከፈሉት።

«ኧረ በማርያም!» ብለው ጮኹ አቶ ሳዶቅ።

«ካልተበላ ይበሰብሳል» አሉ ማሊ፤ እንግዳወርቅ ተረጎመላቸው። የመጀመሪያውን ቁራሽ ለአቶ ሳዶቅ ሰጧቸው። ሰውዬው እያዘኑ ቀመሱ፤ እያዘኑ ሁለተኛ ጠየቁ።

የአንድ ቀን ሥራ በአሥር ደቂቃ አለቀ። እንግዳወርቅን ትንሽ ከፍቶት ነበር። ሰኞ ጠዋት ግን ገበያ ወርዶ፣ ሐብሐብ በጣቱ እያንኳኳ ይመርጥ ነበር።