«እመጣለሁ» የማይባልበት ኮሜዲ

ክርርር ይልና መጨረሻው ላይ ጧ ይላል። ያ የእንጨት መዝጊያ ሲንሸራተት ያሰማው የነበረው ድምፅ ዛሬም ከጆሮዬ አልወጣም። በልጅነታችን ቴሌቪዥን እንደ ቁም ሣጥን መዝጊያና ቁልፍ ነበረው። በግቢያችን ቴሌቪዥን ያላቸው ወይዘሮ ድዋርካ ብቻ ነበሩ፤ አጂ፣ ማለትም አያቴ፣ እያልን ነበር የምንጠራቸው። እሳቸው ያን መዝጊያ የከፈቱ እንደሆነ ከሦስቱም ፎቅ በረንዳ ሕፃን ሽማግሌው ይተምና ደጃቸው ላይ የነጠላ ጫማ ክምር ይሠራል። ሲወጣ የገዛ ጫማውን ያገኘ ሰው ዕድለኛ ነበር።

ኋላ ከተማችን ፑኔ፣ እንደ ሌላው የሕንድ ከተማ ሁሉ፣ አደገች። እያንዳንዱ ቤት የራሱን ቴሌቪዥን፣ ቀጥሎም እያንዳንዱ እጅ የራሱን ስልክ ያዘ። በአጂ ደጅ ላይ ጫማው እያነሰ ሄዶ በመጨረሻ የዋትሳላ ብቻ ቀረ። ዋትሳላ የምድር ቤቱ ጎረቤት ናቸው፤ እንደ አጂ ባል የሞተባቸው፣ እንደ አጂ ሰማንያን የተሻገሩ። አመሻሽ ላይ የተቆላ ለውዝ በሰሃን መካከላቸው አስቀምጠው የዘመኑን ኮሜዲ ያያሉ። አሮጌው ሣጥን ሆዱ ባዶ ሆኖ እንደ ጠረጴዛ ያገለግላል፤ ስሱ አዲሱ ቴሌቪዥን ጀርባው ላይ ተቀምጧል። እኔም ከማስተምርበት ትምህርት ቤት ስመለስ ብቅ እላለሁ።

ያያሉ አልኩ እንጂ፣ ዋትሳላ ይስቃሉ፣ አጂ ይፈርዳሉ።

አጂን ከሁሉ የሚያናድዳቸው ከቴሌቪዥኑ ውስጥ የሚወጣው ሳቅ ነው። «ሳቁን እዚያው ስቀው ጨርሰው ይልኩልናል» ይላሉ። «ሌላ ሰው ያኘከውን ዋጡ ነው የሚሉን።» ቤቶቹንም አይወዷቸውም። ሴቶቹ ከነወርቃቸው ይተኛሉ፤ ሶፋው ላይ አንድም የሻይ ጠብታ የለም። ይኼን ሁሉ ዘመን ውሃ መጣ ብሎ ከወሬው መካከል ባልዲ ይዞ የሮጠ ሰው በዚያ ቤት አልታየም። ደግሞ ጆሮው የማይሰማ አጎት አለ፤ የተባለውን ሁሉ እያጣመመ ያስቃል። ይህ ሰው ስምንት ዓመት ሙሉ ደንቁሮ ሲኖር ከዚያ ሀብታም ቤተሰብ አንድ እንኳ ሐኪም ዘንድ የወሰደው የለም ብለው አጂ ከልባቸው ያዝናሉ።

«አንቺ ሴትዮ ለሳቅም ደረሰኝ ካልተቆረጠልሽ አትስቂም» ይሏቸዋል ዋትሳላ፣ ለማስታወቂያውም እየሳቁ።

የአጂ ትልቁ ክስ ግን ሌላ ነው። በእኛ ዘንድ ከቤት የሚወጣ ሰው «እሄዳለሁ» አይልም፤ ሟርት ነው። ሱቅ የሚወርደውም፣ አገር የሚለቀውም «እመጣለሁ» ብሎ ነው የሚወጣው። በዘመኑ ኮሜዲ ሰዎቹ በሩን ከፍተው ይገባሉ፣ ያስቃሉ፣ ውልቅ ብለው ይወጣሉ። አንድ ቀን ይህ ለምን እንዲህ እንደሚከነክናቸው ጠየቅኳቸው። አንድ ለውዝ ፈለፈሉ።

«ባሌ የዚያን ቀን ወደ ሥራ ሲወጣ ውሃ መጥቶ ነበር» አሉኝ። «ባልዲ ይዤ ሮጥኩ። እመጣለሁ ይበል አይበል አልሰማሁም። በሸክም ነው ያመጡልኝ።»

ባለፈው ዝናብ ወራት የዋትሳላ ልጅ ሚሊንድ እናቱን ወደሚኖርባት ሩቅ ከተማ ወደ ቤንጋሉሩ ወስዶ ከቤቱ ሊያኖር ወሰነ። አጂ ወሬውን ሰምተው ስለ ኮሜዲው ብቻ ማውራት ቀጠሉ። እኔ ግን ከዋትሳላ የሚጠብቁት ያችን አንዲት ቃል እንደሆነ አውቄያለሁ። ዋትሳላም አውቀዋል። በመሄጃቸው ዕለት ወደ አጂ ቤት በሚያወጣው ደረጃ ላይ ጉልበታቸውን ይዘው አርፈው አገኘኋቸው።

«ልጄ፣ ይኼን ደረጃ ከእንግዲህ አልወጣውም» አሉኝ። «እመጣለሁ ብላት ውሸት ነው። እሄዳለሁ ብላት በእሷ ላይ ማሟረት ነው። ምን ልበላት?»

ክንዳቸውን ደግፌ አወጣኋቸው።

ያን ምሽት እንደ ወትሮው ተቀመጡ። ደንቆሮው አጎት አንድ ነገር አጣመመ፤ ቴሌቪዥኑ ሳቀ፤ ዋትሳላ ግን አልሳቁም። አጂ ዘወር ብለው አዩአቸውና ዓይናቸውን መለሱ። ቀጥሎ የኮሜዲው ወጣት ልጅ ቦርሳውን አንሥቶ ከቤት ወጣ።

«አየሽ?» አሉ አጂ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «እናቱ እዚያው ተቀምጣ። አንዲት ቃል ምን ታስከፍለዋለች?»

«ድርሰቱን የጻፈው ሰው አላገኛት ይሆናል» አሉ ዋትሳላ።

ከታች የሚሊንድ መኪና ጥሩንባ ነፋች። አጂ የቴሌቪዥኑን መቆጣጠሪያ ፈልገው አነሡና ድምፁን አጠፉት፤ ቃሏ ብትመጣ እንዳታመልጣቸው። መስኮቱን ዝናቡ ብቻ ይመታል፤ ተዋንያኑ አፋቸውን ይከፍታሉ፣ ይዘጋሉ።

ዋትሳላ በእጃቸው የቀረውን ለውዝ ወደ ሰሃኑ መለሱ። የሳሪያቸውን ጫፍ ትከሻቸው ላይ አስተካከሉ። የአጂን ጉልበት ተመርኩዘው ተነሡ፤ እጃቸውም እዚያ ትንሽ ቆየ። ደፍ ላይ ሲደርሱ ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ፣ መልሰውም ገጠሙት። ጫማቸውን በእግራቸው ፈልገው አገኙና በበረንዳው ላይ እየጎተቱ ወጡ።